ስምንተኛው መስታወት

ሰው የሚያውቀው ያየውን ነው፤ ካየውም እኩሌታውን ይረሳል። ፀሐይ በየማለዳው ወደ ምድር የምትልከውን ጨረር ቆጥሮ የጨረሰ፣ የትኛው በየትኛው መስኮት ገብቶ በማን ጉልበት አጠገብ እንደሚያርፍ ዘመን ሳይቈጠር የወሰነ አምላክ ግን አንዱንም አይዘነጋም። ይህ ታሪክ በእርሱ ዘንድ ከጥንት የታወቀ፣ በእርሱ ጊዜ የተገለጠ ነው፤ እኛ ዘግይቶ እንደ ደረሰ እንግዳ ሆነን እንተርከዋለን።

«አንቺ ልጅ፣ ሻዩን ቅጂ እንጂ! የሞተው አባትሽ ነው፤ ማንቆርቆሪያው መቼ ሞተ?»

ኪዮኖ ደንግጣ ቀና አለች። ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዘች ፈዛ ቀርታ ነበር። ከአባቷ አስከሬን ራስጌ በተቀመጠው የመስታወት የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ የከሰዓቱ ፀሐይ አልፎ ሰሌኑ ላይ ወድቋል፤ ውኃው ብርሃኑን አጥፎ አንድ ቀጭን የሚንቀጠቀጥ ክር አድርጎታል። ኪዮኖ ፉኩኦካ ከተማ ውስጥ ለፊልም የኮምፒዩተር ሥዕል በሚሠራ ድርጅት ሃያ ዓመት የኖረችው ይህንኑ ክር ስታሰላ ነው።

«ይቅርታ፣ እማማ።»

«እኔንስ ይቅርታ አትጠይቂኝ፤ ጉሮሯቸው የደረቀውን ጠይቂ» አሉ እማማ ሱማ። የሰማንያ ስድስት ዓመት ጎረቤት ናቸው፤ ኪዮኖ እናቷን በዘጠኝ ዓመቷ ካጣች ወዲህ የሚቆጧትም የሚያጎርሷትም እርሳቸው ነበሩ። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ካንኮሮ የሚባለውን የስኳር ድንች ቂጣ በስሱ እየቆረጡ ከሰሉ ላይ ያገላብጣሉ፤ ሽታው ከነጩ የሐዘን አበባ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ሞልቶታል።

ሺራሃማ ቶኩዞ፣ በክርስትና ስማቸው ዮሴፍ፣ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው እሑድ ማለዳ የቤተ ክርስቲያኑን በር ሊከፍቱ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ደጃፋቸው ላይ ዐረፉ። ስልሳ ዓመት የሚዙራ መንደር ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ፣ ደወል ደዋይና መስታወት ጠጋኝ ነበሩ። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ማታ የመቁጠሪያ ጸሎት፣ ነገ ጠዋት ቅዳሴና ስንብት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሰው አልተቋረጠም። ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባ እንደ ወረዱ ገብተው ተንበርክከው ይጸልያሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ሟቹ ያወራሉ። ወሬያቸው ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፦ መሰላል ላይ ሲወጣ እንደ ድመት ነበር፤ ደወሉን አንድ ቀን እንኳ አላዛነፈም።

ወደ አመሻሹ ላይ ቴራዳ ገቡ። ከናጋሳኪ የመጡ የመስኮት እድሳት ኃላፊ ናቸው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ በመንደሩ ማረፊያ ተቀምጠው መስታወቶቹን ሲመረምሩ ከርመዋል። አስከሬኑ ፊት ረጅም ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ወደ ኪዮኖ ጠጋ ብለው ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ጊዜው እንዳልሆነ ዐውቃለሁ፣ ሺራሃማ ሳን» አሉ፣ በአገሩ የአክብሮት አጠራር በቤተሰብ ስሟ ጠርተዋት። « ይቅር ይበሉኝ። ግን ሐሙስ ጠዋት መሰላል እናቆማለን።»

«ዐውቃለሁ፤ ንገሩኝ።»

«ደህናዎቹን አጽድተን እንመልሳቸዋለን። እንከን ያለበት ይወጣና በምትኩ አዲስ ይገባል። ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስቱ ደህና ናቸው፤ አባትዎ ጠብቀዋቸዋል።» ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «አንዱ ብቻ፤ በሴቶቹ በኩል፣ ሦስተኛው መስኮት፣ ከላይ ጥግ ያለው ቀይ። መሐሉ እንደ ምስር አብጧል። እርስዎ በኮምፒዩተር የሠሩትን የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል አገላብጬ አየሁት፤ ይህ መስታወት ወለሉ ላይ የሚጥለው ብርሃን ተራ ቀይ ነው። አዲስ ቢገባ ለውጥ የለውም። ሀገረ ስብከቱ ሥዕልዎን ነው ማስረጃ ያደረገው፤ ስለዚህ ይህን መስታወት ለመጣል የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል።»

ኪዮኖ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«እስከ ረቡዕ ይስጡኝ።»

«ምን ያጠራጥራል? የእርስዎ ሥዕል እኮ ነው።»

«ረቡዕ፣ ቴራዳ ሳን። እባክዎ።»

እጇን ያስቆመው አንድ ቃል ነበር፤ አባቷ በአዲስ ዓመት ቤት ስትመጣ የተናገሯት።

ያን ጊዜ ሦስት ወር የለፋችበትን ሥራ ልታሳያቸው ላፕቶፑን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። መስታወቶቹን አንድ በአንድ መሰላል ላይ ወጥታ ስትለካ መሰላሉን የያዙላት እርሳቸው ነበሩ። የእያንዳንዱን ውፍረት፣ ሞገድ፣ ቀለም ሁሉ አስገብታለች። ፕሮግራሟ ከፀሐይ የሚነሡ ጨረሮችን በብዙ ሚሊዮን ይወረውራል፤ እያንዳንዱ ጨረር መስታወቱን ሲነካ ይታጠፋል፣ ቀለም ይለብሳል፣ ከወለሉ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። የጨረሮቹ ማረፊያ ሲደማመር ሥዕል ይሆናል፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ባዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በእንጨት ወለሉ ላይ የተነጠፈ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ብርሃን።

ቶኩዞ መጀመሪያ እጃቸውን ታጠቡ፤ ኮምፒዩተሩን ሳይነኩት። መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን እየዞሩ ያሉ ይመስል አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ እያደረጉ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ቆንጆ ነው» አሉ። ከዚያ፣ «አንዱ ይጎድላል።»

«ምኑ?»

«አንዱ።»

«ሁለት መቶ ዐሥራ አራቱንም ለክቻለሁ እኮ፣ አባዬ! አንተው አይደለህ መሰላሉን የያዝክልኝ? ቁጠራቸው!»

«መስታወቱ ይጎድላል መች አልኩ?»

«ታዲያ ምንድን ነው? ንገረኝ።»

«እኔ ብነግርሽ የኔ ይሆናል» አሉና መነጽራቸውን አጣጠፉ። «አንቺ ዓይን አለሽ፤ እይው።»

ኪዮኖ ተናደደች። በዓለም ዙሪያ ስንት ባለሙያ የሚጠቀምበትን ፕሮግራም የጻፈች ሴት ሆና ሳለ፣ ዕድሜውን ስቱኮ ሲያቦካ የኖረ ሽማግሌ ሥራዋን በአንድ ቃል ጣለባት። ካሰበችው አንድ ቀን አስቀድማ በጀልባ ተመለሰች። ወደቡ ላይ ቶኩዞ የካንኮሮ ጥቅል ይዘው ቆመው ነበር፤ ጥቅሉን ተቀበለች፣ ዓይናቸውን ግን አላየችም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ በስልክ ተነጋገሩ፤ ስለ ነፋሱና ስለ ዓሣው። እርሳቸው አላነሡትም፤ እርሷም ኩራቷ ከለከላት። አሁን የሚጠየቁት ሰው ፊታቸውን በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ተኝተዋል፤ ሐሙስም እየመጣ ነው።

ከመጨረሻው ጀልባ የወረደ እንግዳ በር ላይ ተሰናከለ። ኦጋታ የሚባል የሥራ ባልደረባዋ ነበር፤ ባሕሩ አንገላትቶት ፊቱ አመድ መስሏል፣ ጫማውን ሲያወልቅ ደግሞ የግራ አውራ ጣቱ ካልሲውን በስቶ ወጣ።

«ወይ ጉድ!» አሉ እማማ ሱማ። «አንተ ረጅሙ፣ ጣትህም ሊለቅስ መጥቷል?»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ሳቃቸውን በሻይ ዋጡት። ኦጋታ ጣቱን በሌላው እግሩ ሸፍኖ አጎነበሰ። «ኪዮኖ ሳን፣ ሁላችንም አዝነናል። ላፕቶፕሽን ቢሮ ጥለሽው ሄድሽ፤ ያስፈልጋት ይሆናል ብዬ...»

«ለቀብር ኮምፒዩተር?» አሉ አሮጊቷ።

«ያስፈልገኛል፣ እማማ» አለች ኪዮኖ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የመቁጠሪያው ጸሎት እስኪደርስ ሁለቱን ሴቶች ከምድጃው አጠገብ ብቻቸውን የተዋቸው ጥቂት ጊዜ ነበር። ኪዮኖ የቴራዳን ወረቀት ለእማማ ሱማ አሳየቻቸው።

«ሦስተኛው መስኮት? ከላይ?» አሮጊቷ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ስምንተኛው ነዋ።»

«ምን ስምንተኛው?»

«አልነገረሽም? ዐውሎ ነፋሱ መስኮት የሰበረ ጊዜ አባትሽ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ናጋሳኪ ሄዶ ከመስታወት ነፊዎች ጋር ሁለት የብርድ ወራት ተቀመጠ። ሲመለስ ስምንት መስታወት በጭኑ ታቅፎ፣ ጀልባው ላይ፣ እንደ ሕፃን! ሰባቱን ለመንደሩ ሁሉ አሳየ፤ እኔ ራሴ ይዤ ወደ ፀሐይ አይቻቸዋለሁ። ስምንተኛውን ግን በፎጣ እንደ ጠቀለለው መሰላል ላይ ወጣ።»

«ለምን?»

«አፍሮበት ነዋ! አበጠበት። ያስተማረው መስታወት ነፊ ‹ጣለው› ብሎታል። ግን ቀይ መስታወት ወርቅ ይገባበታል፤ ቅልጡ አልቆ ሌላ መሥራት አልተቻለም። ጥግ ላይ ደበቀው።» እማማ ሱማ ካንኮሮውን ገለበጡ። «የሚገርመው ግን፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማፈሩን ተወ። ምን እንዳገኘ አልነገረንም። ከዚያ ወዲህ ነው ቦታ የማይበረክትለት የሆነው።»

«የምን ቦታ?»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነዋ! እኔ ስልሳ ዓመት የምንበረከከው አንድ ቦታ ነው፤ ጉልበቴን አስምሮበታል። አባትሽ ግን ለልደት እዚያ፣ ለፋሲካ እዚህ። በሴቶቹ በኩል ሁሉ ይመጣብናል! አንድ ቀን ‹ቶኩዞ፣ ሁለተኛ ሚስት እየመረጥህ ነው?› ብለው፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ሥራ ላይ ነኝ፣ ሱማ።› በቅዳሴ ሰዓት ምን ሥራ አለ?»

ኪዮኖ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች የሆነ ነገር ትዝ አላት። ባሕሩ የተፋውን አረንጓዴ የመረብ ተንሳፋፊ፣ ያን ድቡልቡል መስታወት፣ መስኮቱ ሥር አስቀምጣው ረሳችው፤ ፀሐዩ በእርሱ አልፎ አዲሱን ሰሌን አቃጠለው። ትንሽ ቡናማ ነጥብ። ዱላ ስትጠብቅ ቶኩዞ ከጎኗ ተንበረከኩ፣ ከደረት ኪሳቸው ጉማጅ እርሳስ አወጡ፣ የተቃጠለውን ነጥብ በክብ ከበቡና ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት። «አየሽ፣ ኪዮኖ? መስታወቱ ሰፊውን ፀሐይ ሰብስቦ ይህችን አሳከለ። የት እንዳስቀመጣት መጻፍ አለብን፤ አለዚያ ነገ አናገኛትም።» በማግስቱ በዚያው ሰዓት ሁለቱም በሆዳቸው ተኝተው ጠበቁ። ነጥቧ ከክቡ አንድ ጣት ርቃ ዐረፈች። ኪዮኖ ለምን እንደ ተንቀሳቀሰች ጠየቀች፤ አባቷም እስኪመሽ ድረስ ስለ ፀሐይ መንገድ ነገሯት። የሃያ ዓመት ሥራዋ የተጀመረው በዚያች ነጥብ ነበር። ይህን ለአባቷ አንድም ቀን ነግራቸው አታውቅም።

ማክሰኞ ሰማዩ ደምኖ ነጋ። አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲገባ፣ ሳጥኑ የሚያልፍበት ቦታ እንዲገኝ በሴቶቹ በኩል ያሉት የመንበርከኪያ ምንጣፎች ተጠቅለው ተነሡ። ስልሳ ዓመት ምንጣፎቹን የሚያነጥፉትም የሚያነሡትም ቶኩዞ ብቻ ነበሩ፤ ከሥራቸው ምን እንዳለ ያየ ሰው አልነበረም።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ምስጥ ነው?» አለች ከሴቶቹ አንዷ።

ኪዮኖ ጐንበስ አለች። በወለሉ ሳንቃ ላይ ጥቃቅን የእርሳስ መስቀሎች ከዓምዱ ሥር ጀምረው በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። በእያንዳንዱ አጠገብ በደቃቅ ጽሕፈት የበዓል ስም አለ፤ በቀናቸው ቅደም ተከተል፦ ልደት፣ ሰብአ ሰገል፣ የሻማ ቡራኬ፣ ቅዱስ ዮሴፍ፣ ፅንሰት። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ዓመት በዓመት ተደግመው ጠቁረዋል። የፋሲካው ብቻ ቀኑ ስለሚለዋወጥ እዚህም እዚያም ተበትኗል። ጽሕፈቱ በልጅነቷ ሰሌኑ ላይ ያየችው የአባቷ ጽሕፈት ነው።

ቅዳሴው ተጀመረ። አባ ኢዋሳኪ፣ የመንደሩ ቄስ፣ ሳጥኑን ጠበል ረጩት። አራት ሰዓት ሲሆን የሚደወለውን ደወል ዛሬ ማን ይደውል በተባለ ጊዜ እማማ ሱማ ማንንም አላስነኩም፤ በሰማንያ ስድስት ዓመት ጉልበታቸው ገመዱ ላይ ተንጠለጠሉ። ሦስተኛው ድምፅ ላይ ደመናው ተገለጠ።

ወለሉ በአንድ ጊዜ ቀለም ለበሰ። ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ሁሉም በሥዕሏ ላይ እንዳስቀመጠቻቸው በየቦታቸው ነበሩ፤ ለስላሳ፣ ሰፊ፣ ፈዘዝ ያሉ። ከመካከላቸው ግን በሥዕሏ ላይ የሌለች አንዲት ነገር ነበረች። የካፖርት ቁልፍ የምታህል፣ እንደ ፍም የቀላች፣ ከሌሎቹ ሁሉ ዐሥር እጥፍ የደመቀች ብርሃን በሻማ ቡራኬና በቅዱስ ዮሴፍ መስቀሎች መካከል፣ ልክ በመስመሩ ላይ ተቀምጣለች። ኪዮኖ ዓይኗን ወደ ላይ አነሣች፤ ሦስተኛው መስኮት፣ ከላይ፣ ጥግ። ያበጠው መስታወት ሰፊውን ፀሐይ ሰብስቦ ይህችን አሳክሏታል።

ነጭ ሻሿ ግንባሯ ላይ እስኪወርድ ወለሉ ላይ ተደፋች። ሴቶቹ ሐዘን የጣላት መስሏቸው እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አኖሩ። እርሷ ግን እያነበበች ነበር።

አስከሬኑ ከተሸኘ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ እንደገና በሰው ሞላ። ኪዮኖ ሻዩን ለጎረቤት ሴቶች ትታ በአባቷ ፎቶግራፍ አጠገብ ላፕቶፑን ከፈተች።

«ዛሬ?» አለ ኦጋታ።

«ዛሬ። የዛሬን ፀሐይ አስገባልኝ፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። መጥረጊያውን አጥፋው።»

የኦጋታ ጣቶች ቆሙ። መጥረጊያ የሚሉት ኪዮኖ ራሷ የጻፈችው ፕሮግራም ነው። ብርሃን ሲሰላ ሥዕሉ ላይ ያለ ቦታቸው የሚፈነጥቁ ነጥቦች ይወጣሉ፤ በሙያው ሰዎች ዘንድ ስማቸው አብሪ ትል ነው፤ ሁሉም የሚያያቸው እንደ ስሕተት ነው። የኪዮኖ መጥረጊያ ከጎረቤቶቹ ከልክ በላይ የደመቀ ነጥብ ሲያገኝ ለቅሞ ያጠፋዋል። ስሟን ያስጠራላት እርሱ ነው።

«ያለ መጥረጊያ አሸዋ እኮ ነው የሚመስለው» አለ ኦጋታ።

«አሸዋ ይምሰል።»

አሸዋ መሰለ። ለቀስተኞች እየገቡ፣ ሻይ እየጠጡ፣ እየወጡ፣ ኮምፒዩተሩ ከጎናቸው ጨረር ሲወረውር ቆየ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በሴቶቹ በኩል ጥቂት ቀያይ ነጥቦች ብልጭ አሉ።

«ያው፣ አብሪ ትሎቹ ጀመሩ...» አለና ኦጋታ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ነጥቦቹ ሌላ ጊዜ እንደሚበተኑት አልተበተኑም። አንድ ቦታ ላይ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ፣ ቀስ በቀስ የካፖርት ቁልፍ የምታህል ፍም ሆኑ። ኪዮኖ ከዓምዱ ያላትን ርቀት ከስክሪኑ አነበበች። ከዚያ ብርሃኗ አራት ሰዓት ላይ ካረፈችበት ቦታ እስከ ዓምዱ ያለውን፣ በቅዳሴው ፍጻሜ በእማማ ሱማ የልብስ ሜትር ለክታ የጻፈችውን ከኪሷ አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠች። ልዩነቱ ግማሽ ጣት አይሞላም።

«ፕሮግራሜ አስልቶት ነበር» አለች። «ከመጀመሪያው አስልቶት ነበር፣ ኦጋታ። እብጠቱን ለክቼዋለሁ፣ ጨረሮቹም ትክክለኛ ቦታቸው ላይ ዐርፈዋል። ከልክ በላይ ስለ ደመቀ እኔ ጠረግሁት። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ በምኮራበት ነገር፣ አባቴ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የሚኮራበትን ጠረግሁት።»

ኦጋታ ፎቶግራፉን አየ፣ ስክሪኑን አየ። «እኛ ይህን ለማግኘት ሃያ ኮምፒዩተር እናስነሣለን» አለ። «እሳቸው በጉልበታቸው አሰሉት።»

«ምን አገኛችሁ?» አሉ እማማ ሱማ ከምድጃው።

«የአባዬን ሥራ፣ እማማ።»

አሮጊቷ መጥተው ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። «እኛ ዓይናችንን ጨፍነን ስንጸልይ፣ ይቺን ነበር እንዴ የሚከተላት!» አሉ በመጨረሻ። «እኔስ ምስኪኑን ሚስት ፈላጊ አድርጌው...» ሳቁ፤ ሳቃቸውም በመሐሉ ተሰብሮ በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ረቡዕ ከአራት ሰዓት በፊት አራቱ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቆሙ፤ ኪዮኖ፣ እማማ ሱማ፣ ኦጋታና ቴራዳ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ኪዮኖ ወረቀቱን ሳትፈርምበት መለሰችላቸው።

«ሥዕሌ ስሕተት ነበረበት፣ ቴራዳ ሳን። አርሜዋለሁ። መስታወቱ አይጣልም።»

ቴራዳ ፊታቸውን አጠቆሩ። «አርባ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። ያበጠ መስታወት እንከን ነው፤ የሠራውም ሰው ያውቀዋል።»

«የሠራው ሰው ዐውቆታል። ስልሳ ዓመት በላዩ ላይ ሠርቷል። ይህን ይመልከቱ።»

ቴራዳ እስከ ጉልበታቸው ወርደው መስቀሎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ተከተሉ። የመጀመሪያውን ሲያነቡ ፊታቸው እንደ ጠቆረ ነበር። ፅንሰት ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እማማ ሱማ ወደ ገመዱ ሄዱ፤ ደወሉ ተደወለ፤ ፍሟ ወለሉ ላይ በራች። ከትናንቱ ቦታዋ ሁለት ጣት ያህል ርቃ፣ ወደ ቅዱስ ዮሴፍ መስቀል ተጠግታ። ቴራዳ ቆባቸውን አወለቁ።

«መስታወቱ ጸድቶ ወደ ቦታው ሲመለስ» አሉ ድምፃቸው ለስልሶ፣ «አንድ ፀጉር ያህል እንኳ ቢዘነበል ብርሃኑ ቦታውን ይስታል። ልክ መሆኑን በምን ዐውቃለሁ?»

«በእነዚህ» አለች ኪዮኖ፤ ወለሉን አሳየች። «ሀገረ ስብከቱ ማስረጃ የሚፈልገው ከሆነ ማስረጃው ይህ ነው። የእኔ ሥዕል ግልባጩ ነው።»

ቴራዳ ከወረቀቱ ላይ መስመሩን ሰረዙ። «ነገ ይህን መስታወት ለሠራተኛ አልሰጥም። እኔ ራሴ ወጥቼ አወርደዋለሁ፤ በፎጣ ጠቅልዬ።»

«በንጹሕ ፎጣ!» አሉ እማማ ሱማ ከገመዱ ሥር። «ያንን የስቱኮ ፎጣህን አይቼዋለሁ!»

«በንጹሕ ፎጣ፣ እማማ።»

ወንዶቹ መሰላሉን ሊያዩ ወጡ። ኪዮኖ ተንበረከከች። ሰኞ የአባቷን ልብስ ስታጣጥፍ ከደረት ኪሱ ያገኘችውን ጉማጅ እርሳስ አወጣች፤ ጥርሳቸው ያረፈበት ጭራው ላይ ይታያል። በፍሟ መሐል ትንሽ መስቀል አኖረች። ከጎኑ የበዓል ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ «ቶኩዞ» ብላ ጻፈች። እስክትጨርስ ድረስ ብርሃኗ ከመስቀሉ ተንሸራታ ጣቶቿ ላይ ወጥታ ነበር፤ ትሞቃለች። ኪዮኖ እርሳሱን እንደ ያዘች እጇን ሳታነሣ ቆየች፤ ብርሃኗ በጊዜዋ የእጇን ጀርባ ተሻግራ ወደ ሳንቃው እስክትወርድ።

ይህን ያነበበ ሁሉ የቤቱን መስኮት የማለዳ ብርሃን አይለፈው። በእንከኑ ያፈረበትን ሥራ ጌታ በሰዓቱ ያብራለት፤ በቤቱ ያሉ ሽማግሎች ሳይጠየቁ አይለፉ፤ ልጆቹም የወላጆቻቸውን እጅ ጽሕፈት የሚያነብ ዓይን ይኑራቸው። አሜን።